የኮንክሪት ጣሪያ አንዱ ጋ አልበሳ፣ ሌላው ጋ አልይዝ ሲል

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ጅማ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ለአረፋ ሳሎኔን ላሳምር ብላ አምስት ኪሎ የሚመዝን ሻንደሊየር ገዛች። ድሪል ከጎረቤት ተዋሰች። የመጀመሪያው ቀዳዳ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ገብቶ ቀጥ አለ፤ የፑንታው (የመብሻው ብረት) ጫፍም ጠቆረ። አንድ ስንዝር ራቅ ብላ ስትሞክር ደግሞ ፑንታው ድንገት ጥልቅ አለ። እዚያ የከተተችው ፊሸር (ብሎን መያዣ) ከብሎኑ ጋር አብሮ ይዞራል እንጂ አይጠብቅም። «ጣሪያው ከመጠን በላይ ጠንካራ ነው ወይስ ውስጡ ተበልቷል? ከሳይት ትልቁን ድሪል ልከራይ?» ትላለች።

እህቴ፣ ውስጡ አልተበላም። ትልቁንም ድሪል ገና አትከራዪ። ሁለቱ ቀዳዳዎችሽ አንድ ላይ ሲታዩ ጥሩ መረጃ ናቸው። ጣሪያሽ ከምን እንደተሠራ ነግረውሻል።

ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞቻችን ላይ ሶሌታው (የፎቁ ወለል፣ ከታች ላለው ጣሪያ) ከዳር እስከ ዳር የተሞላ ኮንክሪት አይደለም። አስቀድመው የተመረቱ ቀጫጭን የኮንክሪት ቢሞች ይደረደራሉ። በሁለት ቢሞች መሃል ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ይገባል። ከላይ ጥቂት ሳንቲሜትር ኮንክሪት ይፈስስበታል። ከታች ይለሰንና ቀለም ይቀባል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም አንድ ይመስላል። ዘዴው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ጂቲዜድ በሚባለው የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት የዝቅተኛ ወጪ ቤቶች ፕሮጀክት ተሞክሮ ነው ወደ ኮንዶሚኒየም የገባው። የፎርምወርክ እንጨት፣ ሲሚንቶና ፌሮ ይቆጥባል። መጥፎ ሥራ አይደለም።

ነገር ግን ብሎኬቱ ሸክም እንዲሸከም አልተቀመጠም። ሥራው ቦታ መሙላት ነው። ጭነቱን የሚይዙት ቢሞቹና ከላይ የፈሰሰው ኮንክሪት ናቸው። አንቺ ሁለት ቦታ በሳሽ። አንዱ ቢም ላይ፣ ሌላው ብሎኬት ላይ ሳያርፍ አልቀረም። ስለዚህ ጥያቄሽ የድሪል ጥያቄ አይደለም። መብራቱን ማን ይሸከመው የሚለው ነው ጥያቄው። ይህ ከተመለሰ ቀዳዳው ቀላል ነው።

መጀመሪያ እምቢ ያለውን ቀዳዳ እንመርምር። የኮንክሪት ቢም ከታች በኩል ፌሮ አለው። ፌሮው እንዳይዝግ የሚሸፍነው ኮንክሪት ብዙ ጊዜ ከ1.5 እስከ 2.5 ሳንቲሜትር ነው። ልስኑ ስስ ከሆነ ሁለት ሳንቲሜትር ላይ ፌሮ መንካት ያለ ነው። ግን ፌሮ ነው ብለሽ ወዲያው አትደምድሚ። ሌሎች ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ።

አንደኛው ድሪሉ ራሱ ነው። ላዩ ላይ የመዶሻ ምልክት አለ። ወደ እሱ ካልዞረ ድሪሉ ይሽከረከራል እንጂ አይመታም። ኮንክሪት ደግሞ በመሽከርከር ብቻ አይበሳም፤ በምት ደቅቆ ነው የሚወጣው። መዞሪያው አቅጣጫም ይታይ። ይህን ስል አትሳቂ፤ ድሪሉ ወደ ኋላ እየዞረ ጣሪያ ሲታገል የሚውል ሰው ብዙ አይቻለሁ። ፑንታው መጥቆሩ በራሱ ሳይመታ ብዙ እንደተፋተገ ያሳብቃል።

ሁለተኛው ጠጠር ነው። የጅማ አካባቢ መሬት የጥንት እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው። እዚህ ተሰብሮ ኮንክሪት ውስጥ የሚገባው ጠጠርም በብዛት እሱ ነው። ሲሚንቶውና አሸዋው በቀላሉ ይበሳል። ፑንታው ትልቅ የጥቁር ድንጋይ ጠጠር መሃሉ ላይ ካገኘ ግን ተራ ድሪል ይቆማል።

እንዴት ትለያቸዋለሽ? ጆሮሽንና እጅሽን ተጠቀሚ። ፌሮ ሲነካ ደረቁ ጉርምርምታ ወደ ቀጭን የብረት ጩኸት ይቀየራል። ድሪሉ እጅ ላይ ይነጥራል። የሚወርደው ዱቄት ይቀንስና የሚያብረቀርቅ የብረት ፍቅፋቂ ብቅ ይላል። በስልክሽ መብራት ቀዳዳውን ብታዪው የተፋቀ ብረት ያብለጨልጫል። ጠጠር ከሆነ ብልጭታ የለም፤ ጥቁር ግራጫ ነው፣ ዱቄቱም በጣም የላመ ነው። አንዳንድ ሰው ዱቄቱን ከአሮጌ ስፒከር በወጣ ማግኔት ይፈትናል። ይህ እኛ አገር ያታልላል። የጥቁር ድንጋይ ዱቄትም ውስጡ የብረት ማዕድን ስላለ ትንሽ ትንሽ ይሳባል። የሚታመነው ፍቅፋቂው ነው።

ጠጠር ከሆነ መላው ቀላል ነው። የኮንክሪት ሚስማር ወይም ሹል መሮ ቀዳዳው ውስጥ ከትተሽ ሁለት ሦስቴ በመዶሻ ጠንከር አድርገሽ ምቺ። ጠጠሩ ይሰነጠቃል። ከዚያ ድሪሉ ይቀጥላል። ይህን ስታደርጊ መነጽር ግድ ነው፤ ስብርባሪው ቀጥታ ዓይን ላይ ነው የሚወርደው።

ፌሮ ከሆነ ግን ተዪው። ሦስት አራት ሳንቲሜትር ወደ ጎን ሂጂና አዲስ ቀዳዳ ጀምሪ። ፌሮ የሚበሳ ፑንታ ገበያ ላይ አለ። ስላለ ብቻ ግን የቢም ፌሮ አይቆረጥም። የላይኛዋ ጎረቤትሽ አልጋ የቆመው በእሱ ነው። በእነዚህ ቢሞች ላይ የታችኞቹ ፌሮዎች ብዙ ጊዜ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጠርዝ የተጠጉ ናቸው። ስለዚህ የቢሙን ወርድ አማካይ መስመር ካገኘሽ ክፍት ቦታ የማግኘት ዕድልሽ ሰፊ ነው።

አሁን ቢሞቹ የት እንዳሉ እንፈልግ። ይህ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ሥራ ነው፤ ሰው ሁሉ ግን ዘሎት ድሪል ያነሳል።

መጀመሪያ ወደ ደረጃው ውጪ። ብዙ ሕንፃ ላይ የመተላለፊያው ወይም የምድር ቤቱ ጣሪያ አልተለሰነም፤ ቢሙና ብሎኬቱ ራቁቱን ይታያል። በቢሞቹ መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ለኪ። አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። ያንቺም ሳሎን ያው ርቀት ይኖረዋል። አቅጣጫው ግን ከክፍል ክፍል ሊለያይ ይችላል፤ ቢሞች በተለምዶ የክፍሉን አጭር ጎን ይዘው ነው የሚዘረጉት።

ከዚያ ወደ ሳሎንሽ ተመለሺ። የጅማ ዝናብ እዚህ ላይ ውለታ ይውልልሻል። እርጥበቱ ሲበዛና ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ጣሪያ ላይ ደብዘዝ ያሉ ትይዩ መስመሮች ይታያሉ። ድፍኑ ኮንክሪትና ባዶው ብሎኬት ሙቀት የሚያስተላልፉት እኩል ስላልሆነ ነው። ጤዛውና የከሰል ጢሱ ብናኝ አንዱ ላይ ከሌላው ይበልጥ ይቀመጣል። ቡና በየቀኑ በሚፈላበት ቤት ይህ ቶሎ ይወጣል። ቀለም ገና ከተቀባ ላይታይሽ ይችላል። ያኔ በመዶሻ እጀታ አንኳኪ። ብሎኬቱ የባዶ ነገር ድምፅ ይሰጣል። ቢሙ ድም ይላል፣ ድምፁ አጭር ነው። በእርሳስ ምልክት እያደረግሽ ሂጂ። ሁለቱ ቀዳዳዎችሽም አሉልሽ፤ አንደኛው ቢሙን፣ ሁለተኛው ብሎኬቱን አሳይተውሻል።

ከመብሳትሽ በፊት ስለ ኤሌክትሪክ። ግድግዳ ላይ ሽቦ ብዙውን ጊዜ ከማብሪያ ማጥፊያው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ሶሌታ ላይ ይህን አትመኚ። ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ቱቦው በአቋራጭ፣ በሰያፍ ነው የሚዘረጋው። ሠራተኛው ቱቦ መቆጠብ ነው የሚፈልገው፤ ማን ይፈርድበታል። ስለዚህ ሽቦዎቹ የሚወጡበትን ክብ ሳጥን ከፍተሽ ቱቦዎቹ በየትኛው ጎን እንደገቡ እዪ። በእነዚያ ጎኖች አቅጣጫ አትብሺ። ጥልቀትሽም ኮንክሪቱ ውስጥ ከአራት ሳንቲሜትር አይለፍ።

ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት አይበቃም። በስህተት ኒውትራሉን (መላሹን ሽቦ) እንዲያቋርጥ የተገጠመ ማጥፊያ ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ቤት መብራቱ ጠፍቶም ሽቦው ላይ 220 ቮልት አለ። ብሬከሩን አውርጂ፣ በቴስተር ሁሉንም ሽቦ ንኪ። ቴስተሩን ራሱን አስቀድመሽ የሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክሪው። «መብራት ሄዷል፤ እስኪመጣ ልጨርሰው» የሚባለውን ደግሞ እርሺው። እጅሽ ሽቦው ላይ እያለ ይመጣል። መብራት ቢጠፋም ብሬከሩ ይውረድ። የመብራትና የሶኬት ብሬከር ለየብቻ ከሆኑ የመብራቱን አውርደሽ ድሪሉን በሶኬት ማሠራት ትችያለሽ። አንድ ብቻ ከሆነ ከጎረቤት ኤክስቴንሽን ሳቢ ወይም ባትሪ ያለው ድሪል ተዋሺ።

ወደ ድሪሉ እንምጣ። የተዋስሽው ተራው ድሪል ውስጡ ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀለበቶች አሉ። አንዱ በሌላው ላይ እየዘለለ ነው የሚመታው። ምቱ ብዙ ነው ግን ትናንሽ ነው፤ አንቺ ካልገፋሽው ጨርሶ አይመታም። ሳይት ላይ ሁሉም «ሂልቲ» የሚለው ትልቁ ዓይነት ግን ውስጡ ፒስተን አለው። አየር ታምቆ ነው ፑንታውን የሚመታው። ምቱ ጥቂት ነው፤ እያንዳንዱ ግን ከባድ ነው። ፑንታውም ተቆልፎ ወደፊትና ወደኋላ መንሸራተት እንዲችል ቦይ ቦይ የወጣለት ልዩ ጭራ አለው። ይህ አያያዝ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ይህን ጭራ ተራ ድሪል ላይ አስገድዶ ማሰር አይቻልም፤ ስትገዢ ተጠንቀቂ።

ድፍን ሶሌታ ላይ ብዙ ቀዳዳ ላለው ሰው ትልቁን ተከራይ ነው የምለው። ላንቺ ግን አትከራዪ የምልበት ሁለት ምክንያት አለኝ። ባለ 6 ወይም 8 ሚሊ ጥቂት ቀዳዳ ለመብሳት ተራው ድሪል ጥሩ ፑንታ ካገኘ ይችላል። ሌላው ደግሞ ትልቁ ድሪል ብሎኬት ላይ ካረፈ ጥፋት ነው። የብሎኬቱ ግድግዳ ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ከባዱ ምት ሊወጣ ሲል ከውስጥ በኩል ሰፊ ስብርባሪ ይዞ ይሄዳል። ከታች የ8 ሚሊ ቀዳዳ ታያለሽ፤ ከውስጥ ግን የቡና ሲኒ አፍ ያህል ወልቋል። ብሎኬት የሚበሳው ምቱ ጠፍቶ፣ በመሽከርከር ብቻ ነው።

የጠቆረውን ፑንታ ጣይው። የኮንክሪት ፑንታ ጫፍ ላይ ከአካሉ ሰፋ ያለች ተንግስተን ካርባይድ የምትባል ቁራጭ ተበይዳለች። ሥራውን ሁሉ የምትሠራው እሷ ናት። በጣም ሲግል ብየዳው ይለሰልስና ትወልቃለች ወይም ጠርዟ ይዶለዱማል። የጋለ ፑንታ ውሃ ውስጥ መንከርም አይሆንም፤ ቁራጯ ትሰነጠቃለች። አዲስ ስትገዢ ጫፉን በጥፍርሽ ዳሺው። ሹል ጠርዝ ሊሰማሽ ይገባል። የብረት ወይም የእንጨት ፑንታ ለኮንክሪት ብሎ የሚሸጥልሽ ካለ ሌላ ሱቅ ሂጂ።

አሁን ምክሬን ልስጥሽ። የመብራቱ ሳጥን ያለው ብሎኬቱ ላይ፣ በሁለት ቢሞች መሃል ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ብዙ ጊዜ እንዲያ ነው። መብራቱን ብሎኬቱ ላይ አትስቀይ። ከአንዱ ቢም እስከ ሌላው የሚደርስ ጣውላ ጣሪያው ላይ እሰሪ። መብራቱ በጣውላው ይንጠልጠል። ጅማ ተቀምጦ ጣውላ ማጣት አይቻልም። ወደ ሦስት ሳንቲሜትር ውፍረት፣ አሥራ አምስት ሳንቲሜትር ወርድ ያለው የደረቀ ዋንዛ ከአናጺ አስቆርጪ። ርዝመቱ ከሁለቱ ቢሞች መሃል ለመሃል ርቀት ትንሽ ይለፍ። ጠርዙን ያሳምርልሽ፣ በጣሪያው ቀለም ወይም በቫርኒሽ ይቀባ። መሃሉ ላይ ለሽቦ ማውጫ ቀዳዳ ይውጣለት። አምስት ኪሎው ለሁለት ይካፈላል፤ እያንዳንዱ ቢም ሁለት ኪሎ ተኩል ብቻ ይይዛል። ለቢም ይህ ምንም ነው። ቦታው ከገጠመልሽ ጣውላው ያበላሸሻቸውን ቀዳዳዎችም ይሸፍንልሻል።

መሰላል እዪ፣ የሚያቆም ሰው ይኑርሽ። ወንበር ላይ በርጩማ መደረብ የለም። የጅማ በርጩማ ስሙ በአገር የታወቀ ነው፤ የተጠረበው ግን ቁጭ ተብሎበት ቡና እንዲጠጣ ነው። ጣሪያ ስትበሺ ሁለቱም እጅሽ ከራስሽ በላይ ነው፣ ወደ ላይ እየገፋሽ ነው። ፑንታው ድንገት ከያዘ ድሪሉ ክንድሽን ይጠመዝዛል። የጎን እጀታ ካለው ግጠሚው።

ዓይንሽን በመነጽር፣ አፍንጫሽን በማስክ ሸፍኚ። የኮንክሪት አቧራ ውስጥ ሲሊካ አለ። በዓይን የማይታየው ደቃቁ ክፍል ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ሥራቸው ይህ የሆነ ሰዎችን ሲሊኮሲስ በሚባል በሽታ ይጥላል። ላንቺ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ግን ሳሎን ውስጥ ልጆች አሉ፣ ምንጣፍ አለ። የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጠሽ መሃሉን ብሺውና ፑንታው ላይ እንደ ሲኒ ሰክተሽ ጀምሪ። አብዛኛው ዱቄት እዚያ ይጠራቀማል። ጣሪያ መብሳት አንድ መልካም ነገር አለው፤ ዱቄቱ በራሱ ይወርዳል፣ ቀዳዳው ንጹሕ ይሆናል።

ጣውላውን ቀድመሽ ጫፍና ጫፉ ላይ ብሺ። ከዚያ ጣሪያው ላይ አስደግፊውና በቀዳዳዎቹ በኩል በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ምልክቶቹ የቢሞቹ አማካይ መስመር ላይ ማረፋቸውን አረጋግጪ። መጀመሪያ በ5 ሚሊ ጀምሪ፣ ቀጥለሽ ወደሚፈለገው አስፊው። ፑንታው ላይ ጥልቀቱን በናስትሮ ምልክት አድርጊ። ልስን አይቆጠርም። ልስኑ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ከሆነ አምስት ሳንቲሜትር ተኩል ትበሻለሽ፤ ኮንክሪቱ ውስጥ የገባው አራት ነው። በዝግታ ጀምሪ። በየጥቂት ሰከንዱ አውጥተሽ ፑንታው ይቀዝቅዝ። ካልገባ በኃይል አትግፊ። ቆም በይ፣ ምን እንደነካሽ እዪ።

ስለ ፊሸር ትንሽ ልበል፤ ብዙ መብራት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የናይለኑ ፊሸር ጀርመናዊው አርቱር ፊሸር በ1958 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው ነው። ብሎኑ ሲገባ ያብጥና የቀዳዳውን ግድግዳ ይጫናል። ግድግዳ ላይ መደርደሪያ ስትሰቅዪ ክብደቱ ብሎኑን ወደ ታች ነው የሚጫነው፤ ቀዳዳው ራሱ ያግዛል። ጣሪያ ላይ ግን ክብደቱ ፊሸሩን ቀጥ አድርጎ ወደ ውጪ ይመዝዘዋል። የሚይዘው ፍትጊያው ብቻ ነው። ቀዳዳው ትንሽ ከሰፋ፣ ወይም ርካሽ ለስላሳ ፕላስቲክ ከሆነ፣ ዛሬ ይይዝና ከወራት በኋላ ይንሸራተታል። ለጣሪያ ሲጠብቅ የሚያብጠውን የብረት ፊሸር ውሰጂ። ቢሙ ቀጭን ስለሆነ ከ8 ሚሊ አይብለጥ፤ ወፍራሙ ሲያብጥ ጠርዙን ሊሰነጥቀው ይችላል። ዚንክ የተቀባ ይሁን፤ እዚህ ከተማ እርጥበቱ ያልተቀባ ብረት አይምርም።

ቀዳዳው ሲሰፋ ክብሪት እንጨት ወይም የእንጨት ሽብልቅ መወተፍ የተለመደ ነው። ለፎቶ ፍሬም ይሁን። ለጣሪያ አይሆንም። እንጨቱ በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ አጥብቆ የያዘ ይመስላል። በጋ ሲገባ ይደርቅና ይሟሽሻል።

ጣውላ አልፈልግም፣ የግድ ብሎኬቱ ላይ ካልሽ አንድ መንገድ አለ። ክንፍ ያለው ቡሎን ይባላል። ክንፉ ታጥፎ በቀዳዳው ይገባል፣ ባዶው ውስጥ በስፕሪንግ ይከፈታል፣ ሲጠብቅ የብሎኬቱን ግድግዳ ከውስጥ ይቆነጥጣል። ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ከሱቅ ስትገዢ ክንፉ ታጥፎ የሚያልፍበትን ለኪ። እኔ ለአንድ ሁለት ኪሎ መብራት እቀበለዋለሁ። ለአምስት ኪሎ ሻንደሊየር፣ ከሥሩ ሰው በሚቀመጥበት ሳሎን፣ አልመክርም። ለጣሪያ ቬንትሌተር ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ፤ ንዝረቱ ብሎኬቱን ቀስ በቀስ ይፈጨዋል።

ጣውላው ከታሰረ በኋላ መብራቱን ወዲያው አትስቀዪ። መጀመሪያ መንጠቆውን ወይም መያዣውን ግጠሚ፤ ጣውላውን አልፎ ከላይ በኩል በዳዶ የታሰረ ቡሎን ቢሆን እመርጣለሁ። ለዚህ ቡሎኑ ጣውላው ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት ይግባ፣ ዳዶው የሚቀመጥበት ጎድጓዳም ይፈልፈልለት። ከዚያ ፈትኚው። ዓለም አቀፉ የመብራት ዕቃዎች ደረጃ የሚንጠለጠል መብራትን መስቀያ የሚፈትነው የክብደቱን አራት እጥፍ ለአንድ ሰዓት በመጫን ነው። ያንቺ አምስት ኪሎ ነው፣ አራት እጥፉ ሃያ። ሃያ ሊትር ውሃ የሞላ ቢጫ ጀሪካን ከዚህ ትንሽ ከፍ ይላል። በጠንካራ ገመድ ከመንጠቆው አንጠልጥዪው። ገመዱን አስረዝሚው፤ ጀሪካኑ ከወለሉ አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ይበል። ቢለቅ እንኳ የሚወድቀው አንድ ስንዝር ነው። አንድ ሰዓት ይቆይ። ቡና አፍልተሽ ጠጪ። ከዚያ ወጥተሽ ጣውላውና ጣሪያው መሃል ክፍተት መፈጠሩን እዪ። የወረቀት ውፍረት ያህል እንኳ ከተላቀቀ ፊሸሩ እየተንሸራተተ ነው፤ እንደገና ይሠራል።

የሽቦው ሥራ አጭር ነው፤ ልምዱ ከሌለሽ ግን ለኤሌክትሪሺያን ተዪው። መብራቱ በሽቦው አይንጠልጠል፤ ሽቦው ላላ ብሎ ይቀመጥ። ማያያዣው በብሎን የሚጠብቅ ይሁን። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል አልወድም፤ ሙቀት ሲለዋወጥ ይላላል። ሻንደሊየርሽ ብረት ከሆነ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው የኧርዝ ሽቦ አካሉ ላይ መታሰር አለበት። ሳጥኑ ውስጥ ኧርዝ ከሌለ ያንን ሳይፈቱ መብራቱን አለማብራት ይሻላል። አምፖሉ ኤልኢዲ ይሁን፤ ጣውላው ሥር ብዙ የሚግል ነገር አልፈልግም።

ሌላ ዓይነት ቤት ያላችሁ አንባቢዎችም ትኖራላችሁ። የግል ጂ ፕላስ ዋን ወይም ሱቅ ከሆነ ሶሌታው አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ነው። የትም ብትበሱ ኮንክሪት ነው፤ ፌሮው ግን በሁለት አቅጣጫ እንደ መረብ ስለተዘረጋ ቶሎ ቶሎ ታገኙታላችሁ። ትንሽ ፈቀቅ ማለት ነው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያሉ የጣሊያን ዘመን ቤቶች ግን እንደየቤቱ ናቸው። ከመብሳት በፊት ከኮርኒሱ በላይ ምን እንዳለ ወጥቶ ማየት ነው። ከቆርቆሮ ሥር ቺፕውድ ወይም አቡጄዲ ኮርኒስ ያላችሁ፣ ኮርኒሱ ምንም አይሸከምም። ሞራሌውን ፈልጋችሁ በእንጨት ብሎን እሰሩት፤ ፊሸር የሚባል ነገር አያስፈልጋችሁም።

ከላይ ያለው ወለል ሽንት ቤት ከሆነ ወይም ጣሪያው ላይ ቡናማ የውሃ ነጠብጣብ ካለ አትብሱ። ውሃው የሚመጣበት ይዘጋ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ይሆናል። እርጥብ ሶሌታ ውስጥ የመብራት ሳጥን መክፈት ራሱ አደጋ ነው። ተከራይ የሆናችሁ ደግሞ አከራዩን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ከተበሳ በኋላ ንግግሩ ሌላ ነው።

አንድ የቀረሽ ያ የሚሽከረከረው ፊሸር ነው፤ ጣውላው ካልሸፈነው። ብሎኑን ሁለት ዙር ብቻ አስገቢና በፒንሳ ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢው። ወደ ብሎኬቱ ውስጥ ከወደቀ ይቅር፣ ማንንም አይጎዳም። ቀዳዳውን በተጨመቀ ወረቀት ወትፊውና ላዩን አንድ ሳንቲሜትር ያህል በጀሶ ድፈኚ። ያኛው፣ እምቢ ያለው ቀዳዳ፣ ፌሮ ያገኘሽበት ከሆነ ግን ጀሶ አይሆንም፤ እርጥበት ይይዝና ብረቱን ያዝገዋል። እሱን ውሃ አርከፍክፈሽ በሲሚንቶና በደቃቅ አሸዋ እስከ ጥግ ሙዪው። ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት በደንብ ይድረቅ፤ ዝናብ ካለ ከተለመደው በላይ ቀናት ይፈልጋል።